ኤል ሚራዶር በእግር፦ ስለ ጭቃው፣ ስለ በቅሎዋና ስለ ጉልበትዎ

ጥያቄ፦ የምኖረው አትላንታ ነው፤ ዕድሜዬ 52 ነው። ባለፈው ዓመት ከልጄ ጋር ጓቴማላ ሄደን፣ ማያ የሚባለው ሕዝብ የሠራውን ጥንታዊ ከተማ ቲካልን ጎብኝተናል። አስጎብኚያችን ወደ ሰሜን እየጠቆመ «ከዚህ የሚቀድምና የሚገዝፍ ከተማ እዚያ ጫካ ውስጥ አለ» ብሎ ከነገረን ጀምሮ ልጄ ኤል ሚራዶርን ካላየሁ ብላለች። ለመሆኑ አምስት ቀን በጭቃና በትንኝ መካከል መጓዝ የሚያስቆጭ አይደለም? ቀኝ ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ያመኛል። ሄሊኮፕተር አለ ይባላል፤ በመኪና የሚደረስበት ካላክሙል የሚባል ቦታም አለ። ባለቤቴ «ይህ ሁሉ ለድንጋይ ክምር ነው?» ትላለች። መቼ፣ እንዴት፣ ከማን ጋር ብንሄድ ይሻላል?

ምላሽ፦ ከባለቤትዎ ልጀምር፤ ግማሽ እውነት ይዘዋልና። ኤል ሚራዶር ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያዩት የድንጋይ ክምር እንኳ አይደለም፤ ዛፍ የበቀለበት ኮረብታ ነው። ቲካል እንዳዩት ያለ ሣሩ የታጨደ አደባባይ፣ ግድግዳው የተጠገነ ቤተ መቅደስ፣ ጥላ ሥር የተደረደረ ለስላሳ መጠጥ የለም። ከህንጻዎቹ አብዛኞቹ ዛሬም አፈርና ሥር እንደለበሱ ናቸው። ሁለት ቀን ተጉዞ ደርሶ «ታዲያ የታል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ። መሪው ምንም ሳይናገር ወደ ጠያቂው እግር ሥር ይጠቁማል፤ ሰውየው የቆመው አንዱ ፒራሚድ ላይ ነው።

ይህን የምነግርዎ ላስቀርዎ ብዬ አይደለም። እኔ የቅየሳ ሰው ነኝ። ፔቴን በሚባለው የጓቴማላ ሰሜናዊ ክፍለ ሀገር፣ በሰሜኑ ጫፍ፣ አራት የቁፋሮ ወቅቶችን የመለኪያ እግር ተሸክሜ አሳልፌአለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ወዳጅና ዘመድ ይዤ ተመልሼአለሁ። አብረውኝ ከሄዱት መካከል ቅር ብሎት የተመለሰ ካለ ሌላ ቲካል አገኛለሁ ብሎ የሄደ ሰው ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ይሂዱ። በየካቲት ወይም በመጋቢት ይሁን፤ በእግር ይሁን፤ አንዲት የምትጋለብ በቅሎ ይጨመር፤ መሪዎችዎ የእግር ጉዞው የሚነሣባት የካርሜሊታ መንደር ሰዎች ይሁኑ። ሄሊኮፕተሩን ይተዉት። ሐኪም ጉልበትዎን አይቶ «አይሆንም» ካለ ደግሞ ካላክሙል ይሂዱ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ልጅዎ ምን ልታይ እንደምትሄድ አስቀድማ ብታውቅ ጥሩ ነው። ቲካል ላይ የወጣችሁበት ረጅሙ ቤተ መቅደስ፣ አራተኛው የሚባለው፣ የተሠራው በ8ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። ኤል ሚራዶር የገነነው ግን በግምት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ300 ጀምሮ እስከ 150 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያ ቤተ መቅደስ ሲገነባ ኤል ሚራዶር ከተተወ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ አልፎት ነበር፤ ጥቂት ሰዎች ተመልሰው ከፍርስራሹ መካከል ቢኖሩም ታላቁ ከተማ ግን አልተመለሰም። ለቲካል ነገሥታት ራሱ የጥንት ነገር ነበር ማለት ነው። ቲካል ላይ እንዳየችው በጽሑፍ የተሞላ ሐውልትም ብዙ አትጠብቅ፤ ከተማው የማያ ጽሑፍ ገና ሳይስፋፋ የነበረ ነው። ቲካል ላይ ያየችውን ጽሑፍ ግን ከብዙ ጎብኚ ይልቅ እኛ ቶሎ እንረዳዋለን። ከምልክቶቹ ብዙዎቹ እንደ ፊደላችን ተናባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛሉ። ጃጓር በማያ ቋንቋ ባላም ነው፤ ጸሐፊው ሲሻው የጃጓር ራስ ይስላል፤ ሲሻው ባ፣ ላ፣ ማ ብሎ ሦስት ምልክት ይደረድራል። ማ የሚለው መጨረሻ ላይ አናባቢውን ይጥላል። ሀ ሁ የቆጠረ ልጅ ይህን ለመረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

የከተማው ትልቁ ህንጻ ዳንታ ይባላል፤ በስፓኒሽ ታፒር የሚሉት የዱር እንስሳ ስም ነው። ቁመቱ ከታችኛው መደብ ጀምሮ ሲለካ 72 ሜትር ነው፤ ባለ 24 ፎቅ ህንጻ ያህል። ይዘቱ 2.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል የሚል ግምት ስላለ ከጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ይበልጣል እየተባለ ይነገራል። እኔ ይህን ውድድር አልወደውም፤ ከፊሉ በተፈጥሮ ጉብታ ላይ ያረፈን ነገር ሙሉ በሙሉ በሰው እጅ ከተከመረ ነገር ጋር ማመዛዘን የቀያሽ ሥራ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ብረት አልነበራቸውም፤ ድንጋዩ የተጠረበው በባልጩት ነው። የሚጎትት እንስሳና ጋሪ አልነበራቸውም፤ ድንጋዩ ሁሉ በሰው ጀርባ ነው የወጣው። እርስዎን የምትሸከመው በቅሎ እንኳን ወደዚያ አገር የገባችው ከስፔኖች ጋር ነው። ሁለተኛው ትልቅ ህንጻ ኤል ቲግሬ 55 ሜትር ነው። ቲግሬ እዚያ ማለት ነብር ሳይሆን ጃጓር ነው፤ የፔቴን ሰዎችም በዚህ ረገድ እንደ እኛው ስም ያደባልቃሉ። ሁለቱም ህንጻዎች አናታቸው ላይ ሦስት ጫፍ አላቸው፦ አንድ ትልቅ መሐል ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተፋጠው። ይህን ቅርጽ አንድ ጊዜ ከያዙት ጫካው ውስጥ ዛፍ የለበሰውንም ጉብታ መለየት ይጀምራሉ።

አሁን ወደ ጭቃው። እርስዎ የጠየቁት ጭቃውን በእርስዎና በፍርስራሹ መካከል እንደቆመ እንቅፋት ቆጥረው ነው። እኔ ጭቃው የከተማው ግማሽ ነው እላለሁ፤ ሄሊኮፕተሩን የምጠላውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፔቴን ውስጥ ባሆ የሚሉት ረባዳ መሬት አለ። በዝናብ ወራት ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። የሸዋን ወይም የጎጃምን መረሬ የሚያውቅ ሰው ጫማው ላይ ሲጣበቅ ወዲያው ያውቀዋል፤ የአፈሩ ዓይነት ያው ነው። ኤል ሚራዶር ወንዝ የለውም። ያን ያህል ሕዝብ እዚያ የኖረው የዝናብ ውኃ እያጠራቀመና ከባሆው የሚዛቅ ለም ጭቃ እየተሸከመ በእርከን በሠራው ማሳ ላይ እያፈሰሰ ነው። እርስዎ እየረገሙ ከጫማዎ የሚጠርጉት ነገር በቆሎ ያበቀለ ማዳበሪያ ነበር። ከተማው ለምን ተተወ ለሚለውም ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ወደዚሁ ጭቃ ይመለሳል። አደባባዩና ህንጻው ሁሉ በኖራ የተለሰነ ነበር፤ ዘመን በገፋ ቁጥር ልስኑ እየወፈረ ሄደ። ኖራ ለማግኘት ድንጋይ ይቃጠላል፤ ድንጋይ ለማቃጠል እርጥብ እንጨት በብዛት ይቆረጣል። ጫካው ሲመነጠር ሸክላ አፈር ከደጋው እየታጠበ ወርዶ ባሆው ላይ ተኛ፤ ለሙን ጭቃ ቀበረው። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ሪቻርድ ሀንሰን ለረጅም ዓመታት ሲያስረዱት የኖሩት ይህን ነው። ድርቁን የሚያስቀድሙ ሌሎች ምሁራን አሉ። ሁለቱም ሐሳቦች ወደ አንድ ቦታ ያመጡናል፤ ውኃና አፈሩን ሳያዩ ከተማውን አየሁ ማለት አይቻልም።

በእግር ሲሄዱ ይህን ማንም ሳያስተምርዎት ያውቁታል። ጥላው ወፈር ያለ ረጃጅም ዛፍ ካለበት ደረቅ መሬት ይነሣሉ፤ ሳያስቡት ዛፉ እያጠረ፣ እሾሁ እየበዛ፣ መሬቱ እየጠቆረ ይመጣል፤ ባሆ ገብተዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሬቱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ዛፉ እንደገና ይረዝማል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጉብታ አለ፤ የሰው ቤት የነበረ። ባሆዎቹን የሚያቋርጡ ከመሬት ከፍ ተደርገው የተሠሩ ሰፋፊ ጎዳናዎች አሉ። ማያዎች ሳክቤ ይሏቸዋል፤ ነጭ መንገድ ማለት ነው፤ በኖራ የተለሰኑ ስለነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ማደሪያ ከሆነው የፍርስራሽ ሥፍራ ከቲንታል ወደ ሚራዶር በሚወስደው መንገድ አንዳንድ ቦታ የሚሄዱት በዚሁ ጎዳና ጀርባ ላይ ነው፤ መሪዎ ካልነገረዎት ግን ሳያውቁት ያልፉታል። ስለዚህ ይጠይቁት።

ስለ ቅየሳ ካነሣሁ አንድ ቁጭቴን ልናገር። እኛ በገጀራ መስመር እየከፈትን አንድ ቀን ሙሉ ደክመን የምንለካው ጥቂት መቶ ሜትር ነበር። ከዚያ ሊዳር መጣ፤ ከአውሮፕላን ላይ የሌዘር ጨረር በቅጠሉ መካከል እየላከ የመሬቱን ቅርጽ ራቁቱን የሚያወጣ መሣሪያ ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ይፋ በሆነው ጥናት ከ2,100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሰሜን ጓቴማላ መሬት ላይ ከ60,000 በላይ ህንጻዎች ተለይተው ወጡ። በ2022 መጨረሻ በሚራዶርና በአካባቢው ላይ ብቻ የታተመው ደግሞ 417 ከተሞችና መንደሮችን፣ በድምሩ 177 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሳክቤንም አሳየ። የእኔ አራት ወቅት ላብ እዚያ ካርታ ላይ የጥፍር ያህል ናት። ቀናሁ፤ ተደሰትሁም።

ወደ ጉዞው። ከአትላንታ ወደ ጓቴማላ ሲቲ፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ፍሎሬስ ይሄዳሉ፤ አውቶቡስ ከመረጡ ሙሉ ቀን ወይም ሙሉ ሌሊት ይፈጃል። የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዙ ለጎብኚነት ቪዛ አያስፈልግዎትም። ፍሎሬስን እንደ መሸጋገሪያ ብቻ አይቁጠሯት፤ ሐይቅ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ የመጨረሻው ነጻ የማያ መንግሥት ዋና ከተማ የነበረችው እሷ ናት፤ በስፔን እጅ የወደቀችው በ1697 ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በዚያን ጊዜ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው ነበር። ከፍሎሬስ እስከ ካርሜሊታ በአመዛኙ ኮረኮንች በሆነ መንገድ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። በማለዳ ካልወጡ በቀትር ሙቀት መራመድ ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሡ ቢሏችሁ አትከራከሩ።

ካርሜሊታ የማስቲካ ልጅ ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዛፍ ደም የሚፈስሰውን ቺክሌ የሚሰበስቡ ሰዎች ሰፈር ሆና ተመሠረተች፤ ያ ነጭ ወተት አሜሪካ ደርሶ ማስቲካ ይሆን ነበር። ኤል ሚራዶር የሚለውን ስም፣ ማማ ወይም መመልከቻ ማለት ነው፣ ያወጡለትም እንዲህ ያሉ የጫካ ሰዎች ናቸው። ሊቃውንቱ ከአየር ፎቶ ያነሱት በ1930፣ ኢያን ግሬሃም የመጀመሪያውን ካርታ የሠራለት በ1962 ነው፤ ቺክሌ ለቃሚዎች ግን ከዚያ በፊት ምሳቸውን እዚያ ይበሉ ነበር። ዛሬ መንደሩ ጫካውን ከመንግሥት በኮንሴሲዮን፣ ማለትም በመጠቀሚያ ውል፣ ተረክቦ ያስተዳድራል፤ በቁጥር የተወሰነ እንጨት ይቆርጣል፤ ለአበባ ማስጌጫ የሚላክ ሻቴ የሚባል የዘንባባ ቅጠል ይለቅማል፤ ጎብኚ ይመራል። ቦታው ሁሉ በ1990 የተከለለው የማያ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አካል ነው፤ ስፋቱም ከ2 ሚሊዮን ሄክታር ይበልጣል። በምዕራብ በኩል ያለው ብሔራዊ ፓርክ በወረቀት ላይ ከሁሉ በላይ የተጠበቀ ነው፤ በተግባር ግን ለከብት እርባታ ሲቃጠል ኖሯል። የካርሜሊታ ዓይነቶቹ መንደሮች የያዙት ጫካ ግን ቆሟል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎብኚ በትንሽ ባቡር ወደ ሚራዶር እናስገባ የሚል ሐሳብ ከውጭ ሲመጣ አጥብቀው የተቃወሙትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ «ከማን ጋር» ላሉት መልሴ ከመንደሩ ኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ነው። መሪው፣ ምግብ ሠሪዋ፣ በቅሎ ነጂው ሁሉም የመንደሩ ሰዎች ይሁኑ።

በዚህ ነገር የራሴ ጠባሳ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በግሌ ስሄድ ርካሽ ብዬ ከአንድ ወኪል ጋር ተዋዋልሁ። ውሉ ላይ አራት የጭነት በቅሎ ይላል፤ ካርሜሊታ ስንደርስ የቆሙት ሁለት ናቸው። የቀነሱት በቅሎ የውኃ ጭነት ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ጀሪካኑ ባዶ ሆነ፤ ቅጠል የተኛበት የኩሬ ውኃ እያፈላን ጨርቅ ላይ እያጠለልን ጠጣን። ሻይ የሚመስል ቀለም ነበረው፤ ሻይ ግን አልነበረም። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ጭነቱ ሲጫን አጠገቡ ይቁሙ። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር እያሰቡ ጀሪካኑን ይቁጠሩ፤ ማንም አይቀየምዎትም፤ በቅሎ ነጂው ራሱ ያከብርዎታል።

መንገዱ በአጠቃላይ ከ40 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የአንድ መንገድ ጉዞ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቲንታል ያድራሉ፤ በሁለተኛው ሚራዶር ይደርሳሉ፤ ሦስተኛውን ቀን ሙሉ እዚያ ይውላሉ፤ ከዚያ በመጡበት ይመለሳሉ። ስድስት ቀን ካላችሁ በናክቤ በኩል ዞራችሁ መመለስ ትችላላችሁ፤ ናክቤ ከሚራዶር ቀድሞ የገነነ ቦታ ነው። ለእርስዎ ጉልበት ግን አምስቱ ይበቃል።

ስለ ጉልበትዎ የሚያስደስት ዜና አለኝ፦ ፔቴን ሜዳ ነው። ቁልቁለት የሚያገኙት ፒራሚዶቹ ላይ ብቻ ነው፤ እነሱም የእንጨት ደረጃ ተሠርቶላቸዋል። ሲወርዱ ፊትዎን ወደ ደረጃው አዙረው እንደ መሰላል ይውረዱ፤ ሥቃዩ በግማሽ ይቀንሳል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዝናብ ወራት በቅሎዎች ጭቃው ውስጥ የረገጡት ጉድጓድ በበጋ እንደ ሸክላ ይደርቃል። ብዙ ሰው «በበጋ ስለሆነ መንገዱ ደረቅ ነው» ብሎ ይዘናጋና ቁርጭምጭሚቱን የሚጠመዝዘው እዚያ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ሁለት ምርኩዝ፣ ዓይን መሬት ላይ። የምትጋለበዋን በቅሎ ደግሞ ደክሞኝ ሲያቅተኝ ብለው አይጠብቁ፤ ከጠዋቱ ይጀምሩ፤ ለምሳሌ አንድ ሰዓት በእግር፣ አንድ ሰዓት በኮርቻ። ኮርቻው የእንጨት ነው፤ ብርድ ልብስ ደርበው ይቀመጡ። ሲጋልቡ ጭንቅላትዎን ዝቅ ያድርጉ፤ በቅሎዋ ለራሷ ቁመት እንጂ ለእርስዎ ቁመት አትጠነቀቅም።

ወቅቱን በተመለከተ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ያለው ይሻላል። ከሰኔ ጀምሮ ለወራት ጭቃው እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ በቅሎም ትሰምጣለች። ሚያዝያ አጋማሽና ግንቦት ደግሞ ሙቀቱ ይከብዳል፤ ለእርሻ ከሚቃጠለው መሬት የሚነሣ ጭስ አድማሱን ይሸፍነዋል። እኔ የምለው ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር መግጠሙን ሳያስተውሉ አይቀሩም። ጾመኛ ከሆናችሁ አትቸገሩም፤ የጫካው ምግብ ጥቁር ቦሎቄ፣ ሩዝና የበቆሎ ቂጣ ነው። ነገር ግን ቦሎቄው ብዙ ጊዜ የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው። ምግቡ ሳይገዛ፣ ፍሎሬስ ሳላችሁ፣ «ሲን ማንቴካ፣ ሲን ኡዌቮ» በሉ፤ ስብም እንቁላልም አይግባ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የወሰድኳቸው አክስቴ ሽሮ በኪሳቸው ይዘው ሄደው ምግብ ሠሪዋን አስተምረዋት መጥተዋል።

ከአትላንታ ከሚነሡት ከእርስዎ ይልቅ ከአዲስ አበባ ለሚነሣ አንባቢ የምጨምረው፣ ጓቴማላ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚመጣን ሰው የክትባት ምስክር ወረቀት ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ስለ ወባ መከላከያ ክኒን የጉዞ ሐኪም ያማክሩ። እኔ አጥብቄ የምናገረው ሐኪሞች ስለሚዘነጉት አንድ በሽታ ነው። ቺክሌ ለቃሚዎች ጆሯቸው ጫፉ ተበልቶ ታዩአቸዋላችሁ፤ በተለይ ሽማግሌዎቹ። የቺክሌሮ ቁስል ይሉታል። እኛ አገር ደጋ ላይ ቁንጭር የምንለው የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ እዚህም እዚያም የሚያስተላልፈው አሸዋ ዝንብ የሚባል ከትንኝ ያነሰ፣ ድምፅ የሌለው ነፍሳት ነው። የሚነክሰው በአብዛኛው ከምሽት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከ12 ሰዓት በኋላ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ካልሲ፣ ጆሮና አንገት ላይ መከላከያ ቅባት። ከተመለሱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የማይድን፣ የማያሳክክ፣ ጠርዙ ያበጠ ቁስል ካዩ አትላንታ ላለው ሐኪም «ፔቴን ጫካ ውስጥ አድሬአለሁ» ይበሉት። ይህን ካልነገሩት በቅባት ብዛት ያሰቃይዎታል።

እባብ አለ፤ በተለይ ባርባ አማሪያ የሚሉት መርዘኛ። መሪው ከፊት ይሂድ፤ እርስዎ እግሩ ያረፈበት ይርገጡ፤ ሌሊት ያለ ባትሪ አንድ እርምጃ አይሂዱ፤ ግንድ ላይ ሳያዩ አይቀመጡ። ዋስትናዎ ደግሞ በሄሊኮፕተር ማውጣትን የሚሸፍን ይሁን፤ ሄሊኮፕተር ጥሩ ነው የምለው ለዚህ ብቻ ነው። ጥቁር ደም የሚያለቅስ ቼቼን የሚባል ዛፍም አለ፤ የነካው ቆዳ ይቃጠላል። ማርከሻው ቀይ ልጣጩ እንደ ወረቀት የሚላጠው ቻካ ዛፍ ነው ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም በአቅራቢያው ይበቅላል። በበኩሌ የማላውቀውን ግንድ አልደገፍም። መዥገሩን ማታ ማታ ልጅዎ ትልቀምልዎት፤ ጃጓሩን ደግሞ የምታዩት ዱካውን ብቻ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ግን ጫካው ሁሉ እንደ አንበሳ ያገሳል፤ አትደንግጡ፤ ጦጣ ነው።

ስለ ጸጥታው እንዳልደብቅዎ፣ የሜክሲኮ ድንበር ከሚራዶር ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው፤ ፔቴን የአደንዛዥ ዕፅ አሻጋሪዎች መተላለፊያም ነው። በመንደሩ መሪዎች በሚታወቀው መንገድ ላይ ያለ አንዳች ችግር ተመላልሻለሁ። ከመንገዱ ወጥቶ በራስ ካርታ መዞር፣ ያለ ፈቃድ ድሮን ማብረር ግን ሞኝነት ነው።

ካላክሙል መጥፎ ምርጫ አይደለም። ሜክሲኮ ውስጥ ነው፤ ከዋናው አውራ ጎዳና ወደ 60 ኪሎ ሜትር በመኪና ጫካውን ሰንጥቀው ይገባሉ። ለዘመናት የቲካል ባላንጣ የነበረችው ከተማ እሷ ናት፤ በ695 የቲካሉ ንጉሥ ሐሳው ቻን ካዊል ድል አድርጓታል። ጫካውም አንድ ነው፤ ጦጣውም አንድ ነው። ቀርቶብኛል ሳይሉ ሊሄዱበት የሚገባ ቦታ ነው፤ ያለ ጭቃ ግን ነው።

ሚራዶር ላይ ያላችሁን አንድ ቀን እንዲህ ተከፋፈሉት። ጠዋት መካከለኛው አክሮፖሊስ (ከፍ ባለ መደብ ላይ ያለ የህንጻዎች ስብስብ) ዘንድ በጣሪያ የተከለለውን በኖራ የተቀረጸ ግድግዳ እዩ። በ2009 የተገኘ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲዋኙ ያሳያል። የቆፈሩት ሰዎች የኪቼ ማያዎች የፍጥረት ትረካ ውስጥ ያሉት መንትያ ጀግኖች ናቸው ይላሉ፤ ትርጉሙን የማይቀበሉ ሊቃውንትም አሉ። ከሥዕሉ በላይ ልጅዎን የምታሳዩአት የቆመበትን ቦታ ነው፤ ግድግዳው የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ጎን ላይ ነው። ዋናተኞቹ የተቀረጹት ውኃ እንዲያልፋቸው ነው። በእግራችሁ ስትረግጡ የምታገኙትን የሸክላ ስባሪ አንሥታችሁ አይታችሁ መልሱት፤ ማውጣት በጓቴማላ ሕግ ወንጀል ነው፤ አሜሪካም ከ1997 ጀምሮ በስምምነት ትከለክላለች። ሌቦች የቆፈሩትን ጉድጓድ በየፒራሚዱ ጎን ስታዩ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ቀትር ላይ ተኙ። ዳንታን ለማታ አስቀሩት። ከ11 ሰዓት ከሩብ በፊት አናቱ ላይ ድረሱ። በምዕራብ ኤል ቲግሬ ከጫካው በላይ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ወደ ሰሜን ቀኑ ጥርት ካለ አድማሱ ጠርዝ ላይ የምታዩት ቁጢጥ ያለ ነገር ካላክሙል ነው። በደቡብ በኩል የቲንታልን ጉብታ ፈልጉ፤ ከሁለት ቀን በፊት ያደራችሁበት ነው፤ በመካከሉ ያለው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሁሉ እግራችሁ የሚያውቀው ባሆ ነው። ፀሐይ እዚያ ቶሎ ትጠልቃለች፤ ደረጃው ጤዛ ሲነካው ያዳልጣል። የግንባር ባትሪዎን ድንኳን ውስጥ አይርሱት፤ ልጅዎ ከፊት ትውረድ፤ እርስዎ ፊትዎን ወደ ደረጃው ያዙሩና በቀስታ ይከተሏት።